ሎሚ ዓሳ ያበስላል እንዴ? ከባቱና ከሐዋሳ ዓሳ ገበያ እስከ ሜክሲኮ፣ በማረቆ በርበሬ በኩል

ከቆሼ ባቱ ደርሶ ዓሳ ሳይበላ የተመለሰ ሰው "ታዲያ ምን ልትሠራ ሄድክ?" መባሉ አይቀርም። ሐዋሳ ድረስ የዘለቀ ደግሞ አሞራ ገደል ጎራ ሳይል አያልፍም። ዓሳው ትኩስ ነው፣ ሐይቁ ፊት ለፊት ነው፣ ዳጣው ያቃጥላል። ሌላ ምን ይፈለጋል?

እዚያ ታዲያ ከተጠበሰው ጎን አንድ ሌላ ሰሃን አለ፤ ጥሬ ዓሳ። አጥንቱ ወጥቶ በስሱ የተቆራረጠ ነጭ ሥጋ፣ ላዩ ላይ ሎሚ፣ ጎኑ ዳጣ ወይም አዋዜ፣ ከዳቦ ጋር። ስለዚህ ሰሃን ሲወራ ሰው ሁለት ቦታ ይከፈላል። ግማሹ "ጥሬ ዓሳ? በፍጹም!" ይላል። ግማሹ ደግሞ "ኧረ ሎሚው ያበስለዋል፣ ምንም አይልም" ይላል።

ዛሬ የምናጣራው ይህችን "ሎሚው ያበስለዋል" የምትል ነገር ነው። መልሱን ፍለጋ ሜክሲኮ ድረስ እንሄዳለን። እዚያም ገበያ ውስጥ ያሉ የዓሳ ምግብ ቤቶች ተመሳሳይ ሰሃን ያቀርባሉ፣ ሰዉም ተመሳሳይ ነገር ይላል። ደግሞ የቆሼ ሰው ከሜክሲኮ ጋር ያለው ዝምድና ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ የቀረበ ነው።

መጀመሪያ ሐይቁን እንወቀው

ቆሼ ከቡታጅራ ወደ ባቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የማረቆ ከተማ ናት። ባቱ (ብዙዎቻችን አሁንም ዝዋይ የምንላት) ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ደምበል ተብሎም በሚጠራው ሐይቅ ዳር ትገኛለች። ሐይቁ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ጥልቀቱ ግን በጣም ትንሽ ነው፤ በአማካይ 2 ሜትር ተኩል አካባቢ። ብዙ ቦታ ላይ ተራ የቆርቆሮ ቤት ቢቆምበት ጣሪያው ከውሃው በላይ ይቀራል ማለት ነው።

ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ሁለት ትልልቅ ወንዞች አንዱ ከአርሲ የሚመጣው ከተር ነው። ሌላው መቂ ሲሆን የሚነሳው ከጉራጌ ተራሮች ነው። ጉራጌ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ውሎ አድሮ የባቱ ዓሳ መዋኛ ይሆናል። ስለዚህ "የባቱ ዓሳ" ስንል ግማሽ ታሪኩ የኛም ነው።

በሐይቁ ደሴቶች ላይ የኖሩት የዛይ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ዓሳ አጥማጆች ናቸው። ዛሬ መረብ ውስጥ በብዛት የሚገቡት ዓሳዎች ሦስት ናቸው።

ቆሮሶ፦ ሳይንሱ ናይል ቲላፒያ ይለዋል። ቅርፊት ያለው፣ ጠፍጣፋ፣ ሥጋው ነጭና ጣፋጭ ነው። አብዛኛው ሰው "ዓሳ" ሲል የሚያስበው ይሄንን ነው። የአፍሪካ ተወላጅ ነው፤ ይህችን ነጥብ ያዟት፣ በኋላ እንመለስባታለን።

አምባዛ፦ ቅርፊት የለውም፣ አፉ ዙሪያ እንደ ድመት ጢም አለው። ሥጋው ወፈር፣ ቅባቱም በዛ ይላል። ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖት ምክንያት የማይበሉት ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ተቆራርጦ ከቀረበላችሁ "የምን ዓሳ ነው?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ካርፕ፦ ከውጭ የገባ ነው። ሰውነቱ ደልዳላ፣ ትንንሽ አጥንቱ ግን የበዛ ነው። ለልጅ ስትሰጡ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ገበያ ውስጥ መብላት ማለት

ሐዋሳ ያለው አሞራ ገደል ለማያውቀው እንዲህ ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ከሌሊት ሥራ ይመለሳሉ። ዓሳው ከመረብ ይለቀቃል። ዳር ላይ የተቀመጡ ወጣቶች በሚያስደንቅ ፍጥነት ቅርፊቱን ይልጣሉ፣ ሆዱን ያጸዳሉ፣ ሥጋውን ከአጥንት ለይተው ፊሌቶ ያወጣሉ። የተረፈውን የሚጠብቁ ደንበኞች ደግሞ አሉ፤ አባ ኮዳዎችና ፔሊካኖች። አባ ኮዳ መላጣ ራሱን ደፍቶ፣ እንደ ሽማግሌ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ጦጣና ጉሬዛም ዛፉ ላይ አይጠፉም።

ገዢው ሁለት ምርጫ አለው። ጥሬውን ይዞ ወደ ቤት መሄድ፣ ወይም እዚያው አሠርቶ መብላት። ሙሉው ቆሮሶ ጎኑ በቢላ ተተልትሎ በፈላ ዘይት ይጠበሳል። ከጭንቅላቱና ከአጥንቱ ሾርባ ይሠራል፤ ትኩስ ሾርባውን በኩባያ ይዞ ዳጣ ጠብ እያደረጉ መጠጣት የቦታው ወግ ነው። ምግብ ቤት ከገባችሁ ደግሞ የዓሳ ጉላሽ፣ ኮተሌት፣ ዱለት እያለ ዝርዝሩ ይቀጥላል። ባቱም ሐይቁ ዳር ተመሳሳይ ነው፤ ግርግሩ ብቻ ይለያያል።

አንድ ትንሽ ምክር፤ ከማዘዛችሁ በፊት ዋጋው በኪሎ ነው ወይስ በፍሬ፣ መጥበሻውስ ተጨምሮበታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በጾም ወቅትና በበዓል ሰሞን ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው ከፍ ይላል።

ሜክሲኮ ውስጥስ?

ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ባሕር የሌላት ከተማ ናት። ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም። ግን "ላ ኑዌቫ ቪጋ" የሚባል ግዙፍ የዓሳ ገበያ አላት። ከሁለቱም የባሕር ዳርቻዎቿ የተያዘ ዓሳ በበረዶ ተሞልቶ በመኪና ሌሊቱን ይገባል። ጠዋት ደግሞ በየሰፈሩ ገበያ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ይከፈታሉ።

ቦታው ከኛ መርካቶ ግርግር ጋር ይመሳሰላል። በአንድ በኩል ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣል፣ በሌላ በኩል ጫማ ይጠገናል፣ መሃል ላይ ረጅም ባንኮኒ አለ። ሰዉ ዙሪያውን በርጩማ ላይ ተደርድሮ ይበላል፣ አስተናጋጁ እየጮኸ ይጠራል። ከሚበሉት ውስጥ ሦስቱን እንይ።

አንደኛው "ሴቪቼ" ነው። ጥሬ ዓሳ ደቀቅ ተደርጎ ተቆርጦ በሎሚ ጭማቂ ይዘፈዘፋል። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ የድንብላል ቅጠልና ቃሪያ ይገባበታል። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ቶስታዳ በሚባል፣ ከበቆሎ በተሠራ ደረቅ ቂጣ ላይ ነው። የዓሳው መልክ ሎሚው ውስጥ ሲቆይ ከብርጭቆማ ወደ ነጭ ይቀየራል፤ ልክ የበሰለ ይመስላል።

ሁለተኛው "አጓቺሌ" ነው። ጥሬ ሽሪምፕ፣ ሎሚና የተፈጨ ቃሪያ። ስሙ ራሱ "የቃሪያ ውሃ" ማለት ነው። የኛን ዳጣ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም።

ሦስተኛው "ሞጃራ" የሚባለው ሙሉ ዓሳ ነው። ጎኑ በቢላ ተተልትሎ በዘይት ይጠበስና ከሎሚ ጋር ይቀርባል። ይሄ የባቱ ጥብስ አይደለም እንዴ? ነው ማለት ይቻላል። ምክንያቱም ዛሬ ሜክሲኮ ውስጥ በሞጃራ ስም የሚጠበሰው ዓሳ በአብዛኛው ቲላፒያ ነው። የቲላፒያ ዝርያዎች ወደ ሜክሲኮ የገቡት ደግሞ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። አያት ቅድመ አያታቸው አፍሪካዊ ነው።

እነሱ ዓሳውን ከኛ አህጉር ወሰዱ። እኛስ ከእነሱ ምን ወሰድን?

በርበሬ!

ቃሪያና በርበሬ የሚሆነው ተክል ለመጀመሪያ ጊዜ ለማዳ የሆነው ሜክሲኮ ውስጥ ነው፤ ከ6,000 ዓመት በፊት ገደማ። እስከ 1492 (እ.ኤ.አ.) ድረስ፣ ማለትም ኮሎምበስ አሜሪካ እስኪደርስ፣ አፍሪካም እስያም አውሮፓም ይህን ተክል አያውቁትም ነበር። አዎ፣ ያለ በርበሬ የሚሠራ ወጥ የነበረበት ዘመን ነበር ማለት ነው። አባቶቻችን ምግባቸውን የሚያቃጥሉት በቁንዶ በርበሬ፣ በጥምዝና በዝንጅብል ነበር። ከዚያ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፖርቹጋሎች ተክሉን በባሕር መንገድ ወደ አፍሪካና ሕንድ ዳርቻዎች አሰራጩት፣ ነጋዴውም ወደ መሃል አገር አስገባው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የገበሬው ነው። ገበሬው ለአፈሩ የሚስማማውን፣ ቀለሙ ደማቅ የሆነውን፣ ፍሬው ትልልቅ የሆነውን ዘር እየለየ እያስቀረ መጣ። የማረቆ መሬት በዚህ ስሙ ገነነ። የማረቆ በርበሬ ረጅም፣ ሰፋ ያለ፣ ሲደርቅ ደም የመሰለ ጥቁር ቀይ ነው። "ማረቆ ፋና" የሚባለው ዝርያ በምርምር ተቋማት መዝገብ ውስጥም በአካባቢው ስም ይታወቃል። አዲስ አበባ ያለች እናት በርበሬ ስትገዛ "የማረቆ ነው?" ብላ የምትጠይቀው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ባቱ ላይ የተጠበሰ ቆሮሶ በማረቆ በርበሬ አዋዜ እየጠቀሰ የሚበላ የቆሼ ወጣት የሁለት አህጉር ልውውጥ እየበላ ነው። ሜክሲኮ ገበያ ውስጥ ባንኮኒ ላይ ተቀምጦ ሞጃራ በቺሌ የሚበላውም እንደዚያው። ዓሳው ከኛ፣ በርበሬው ከነሱ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፤ ሎሚው ያበስለዋል?

አጭሩ መልስ፦ አያበስለውም። ያበሰለ ያስመስለዋል።

ረጅሙ መልስ እንዲህ ነው። የዓሳ ሥጋ ከፕሮቲን የተሠራ ነው። ፕሮቲን እንደተጠቀለለ ክር አስቡት። ሙቀት ሲያገኘው ክሩ ይፈታና እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ስለዚህ ሥጋው ነጭና ጠንከር ያለ ይሆናል። እንቁላል ሲጠበስ ነጩ ክፍል የሚረጋውም በዚህ መንገድ ነው። የሎሚ አሲድም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ክሩን ይፈታዋል። ዓይናችን ለውጡን ሲያይ "በሰለ" ይላል።

ግን ምግብ የምናበስለው መልኩ እንዲቀየር ብቻ አይደለም። ሙቀት ውስጡ ያለውን ጀርምና ትል ይገድላል። ሎሚ ይህንን ማድረግ አይችልም። አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ሊያዳክም ይችላል፤ ሥጋው ውስጥ ተጠቅልሎ የተኛ የትል እጭ ግን ሎሚ ውስጥ ቆይቶም በሕይወት ይተርፋል። ዳጣና አዋዜም እንዲሁ። የሚያቃጥለው የኛን ምላስ እንጂ ትሉን አይደለም።

"የኛ ሐይቅ ዓሳ ንጹህ ነው፣ ትል የለውም" የሚል ሰው ካለ፣ ጥናቶች ሌላ ነው የሚሉት። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን፣ ሐዋሳና ዝዋይን ጨምሮ፣ በተያዙ ቆሮሶዎችና አምባዛዎች ላይ "ኮንትራሲከም" የሚባል ክር መሳይ ትልና "ክሊኖስቶመም" የሚባል ቢጫ እጭ በተደጋጋሚ ተገኝተዋል።

ትሉ ከየት ይመጣል? እዚያው ገበያ ላይ ፎቶ የምናነሳቸውን ወፎች አስታውሱ። ዓሳ በሊታ ወፍ ትሉን ሆዱ ውስጥ ይይዛል። የትሉ እንቁላል ከወፉ ኩስ ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል። ደቃቅ የውሃ ነፍሳት ይውጡታል፣ ነፍሳቱን ዓሳ ይበላቸዋል፣ ዓሳውን ደግሞ ወፍ ይበላዋል። ዑደቱ እንዲህ ይቀጥላል። ሰው በዚህ ዑደት ውስጥ ቦታ የለውም፤ ጥሬ ዓሳ ሲበላ ግን ሳይጋበዝ ይገባበታል።

በእነዚህ ትሎች ሰው የሚታመመው አልፎ አልፎ ነው። ግን አይታመምም ማለት አይደለም። እንደ ኮንትራሲከም ያሉ ትሎች ጨጓራ ወይም አንጀት ላይ ተጣብቀው ከባድ የሆድ ሕመምና ማስመለስ ያመጣሉ። ክሊኖስቶመም ደግሞ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ የሚያሳክክና የሚያሳብጥ ሕመም እንደሚያመጣ ጥሬ የወንዝና የሐይቅ ዓሳ በሚበላባቸው በጃፓንና በኮርያ ታይቷል።

ሜክሲኮ ምን ደረሰባት?

ሜክሲኮዎች ሴቪቼን ለረጅም ጊዜ የሚሠሩት በባሕር ዓሳ ነበር። በኋላ ግን የግድብና የሐይቅ ዓሳ፣ ከዚያም ውስጥ ቲላፒያ፣ እየረከሰና እየበዛ ሲመጣ ሴቪቼው በእሱም ይሠራ ጀመር። ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሐኪሞች አንድ እንግዳ በሽታ መመዝገብ ጀመሩ። ሰዎች ቆዳቸው ሥር እብጠት ይወጣባቸዋል። እብጠቱ አንድ ቦታ አይቆይም፤ ዛሬ ሆድ ላይ ከሆነ ከቀናት በኋላ ጀርባ ላይ ይታያል። ምክንያቱ "ናቶስቶማ" የሚባል፣ ቆዳ ሥር የሚጓዝ የትል እጭ ሆኖ ተገኘ። ዓይን ወይም አእምሮ ጋ ከደረሰ አደጋው ከባድ ነው። እንደ ሲናሎዋ፣ ናያሪትና ዋሃካ ባሉ ግዛቶች ብዙ ሰው ተይዟል። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹን የሚያገናኛቸው ነገር በሎሚ የተዘፈዘፈ ጥሬ የጣፋጭ ውሃ ዓሳ መብላታቸው ነበር።

ሜክሲኮ ውስጥ ሎሚ እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው። ሎሚ ቢያበስል ኖሮ እነሱን ባዳነ ነበር።

ከክትፎ በምን ይለያል?

የጉራጌን ሰው ስለ ጥሬ ምግብ ማስተማር ድፍረት ሊመስል ይችላል። ክትፎን "ጥሬ፣ ለብለብ ወይስ የበሰለ?" ብሎ የሚጠይቅ ሕዝብ ነው። ደግሞም አያቶቻችን ጥሬ የበሬ ሥጋ ኮሶ እንደሚያመጣ ያውቁ ነበር። በሽታውን ለይተው ስም ሰጡት፣ መድኃኒቱንም ከኮሶ ዛፍ አበባ አገኙ። ትሉ ባይቀርም እውቀቱ ነበር።

ዓሳ ግን በብዙዎቻችን ቤት አዲስ ምግብ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ሰው በአማካይ በዓመት የሚበላው ዓሳ ከ1 ኪሎ በታች ነው። የዓለም አማካይ 20 ኪሎ አካባቢ ነው። ስለዚህ ስለ ዓሳ ትል የሚያስጠነቅቅ አያት የለንም፤ ለዓሳ ትል የሚሆን የቤት መድኃኒትም አልወረስንም። የወረስነው "ሎሚው ያበስለዋል" የሚለውን ብቻ ነው፣ እሱም ስህተት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ዓሳ እንተው?

በፍጹም። ዓሳ ምርጥ ምግብ ነው፤ ፕሮቲኑ ጥሩ ነው፣ ሐይቁም ቅርባችን ነው። የሚያስፈልገው እነዚህን ነገሮች ማወቅ ብቻ ነው።

1. ትኩስነቱን እዩ። ዓይኑ ጥርት ያለና ወጣ ያለ መሆን አለበት። የደፈረሰና የሰመጠ ዓይን የቆየ ዓሳ ምልክት ነው። ስንጥቡን ከፍ አድርጋችሁ እዩ፣ ደማቅ ቀይ ይሁን። ሥጋውን በጣት ስትጫኑት ተመልሶ ይነሳ። ሽታው የሐይቅ ውሃ እንጂ የሚከረፋ አይሁን። ፊሌቶ ከሆነ ዓይንም ስንጥብም ስለሌለው ማታለል ይቀላል፤ ከቻላችሁ ሙሉውን መርጣችሁ ፊታችሁ አስወጡት።

2. ትኩስ ማለት ትል የለውም ማለት አይደለም። አሁን ከመረብ የወጣ ዓሳም ትሉን ይዞ ነው የሚወጣው። ትኩስነት ከመበስበስ ያድናል፣ ከትል አያድንም። ሁለቱን አታምታቱ።

3. ሆዱ ቶሎ ይጽዳ። ትሎቹ ብዙ ጊዜ ሆድ ዕቃው አካባቢ ናቸው። ዓሳው ሳይጸዳ ሲቆይ አንዳንዶቹ ወደ ሥጋው ሊገቡ ይችላሉ። ገዝታችሁ ወደ ቆሼ ወይም ቡታጅራ የምትመለሱ ከሆነ እዚያው አስጸዱት፣ በበረዶ ያዙት፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አታቆዩት።

4. አብስሉት። የዓሳው ውስጥ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ በቂ ነው። ቴርሞሜትር የለንም አትበሉ፣ ሹካ አለ። በጣም ወፍራም በሆነው ቦታ ላይ ሹካ አስገቡና ጠምዘዝ አድርጉ። ሥጋው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ በቀላሉ ንብርብሩ ከተላቀቀ በስሏል። መሃሉ ብርጭቆማ ከሆነ መልሱት። ጎኑ የሚተለተለውም ዘይቱ ውስጡ እንዲደርስ ነው። የፈላ ሾርባም አስተማማኝ ነው።

5. ጥሬ ካልበላሁ የሚል ሰው፣ ዓሳው መጀመሪያ በደንብ በረዶ የሆነ ይሁን። ትል ለመግደል ዓሳው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀን መቆየት አለበት። ብዙ የቤት ፍሪጆች እዚያ አይደርሱም፣ መብራት እየጠፋ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። በረዶ ማድረግ ትሉን እንጂ ባክቴሪያውን ሁሉ እንደማይገድልም እወቁ። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕጻናት፣ አረጋውያንና የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ጥሬውን ጨርሶ ባይነኩት ይሻላል።

6. ቢላዋውን ተመልከቱ። ጥሬ ዓሳ የቆረጠ ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ ዳቦና ቲማቲም ከቆረጠበት፣ የተጠበሰውን መምረጣችሁ ምንም አልጠቀማችሁም። ብር የሚቀበለው እጅና ዓሳ የሚያቀርበው እጅም አንድ ባይሆን ጥሩ ነው።

7. አጥንት ጉሮሮ ላይ ቢቀር፣ በእንጀራ ወይም በዳቦ ጉርሻ ለመግፋት አትሞክሩ። የበለጠ ሊሰካ ይችላል። ካልወጣ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

8. ጥሬ ዓሳ በልታችሁ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከባድ የሆድ ሕመም፣ ማስመለስ፣ ጉሮሮ ማሳከክ፣ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን ቦታ የሚቀያይር እብጠት ካያችሁ፣ ሐኪሙን "ጥሬ ዓሳ በልቻለሁ" ብላችሁ ንገሩት። ካልነገራችሁት በጨጓራ መድኃኒት ልትመለሱ ትችላላችሁ።

ዳጣው ሲያቃጥልስ?

ውሃ አትጠጡ፤ አይረዳም። የሚያቃጥለው "ካፕሳይሲን" የሚባል ንጥረ ነገር በውሃ አይሟሟም፣ በቅባት ግን ይሟሟል። ስለዚህ ወተት፣ እርጎ ወይም አይብ ይሻላል፤ ካልተገኘ ዳቦ። ምላሳችን ላይ ያለው እሳት የምር እሳት አይደለም። ካፕሳይሲኑ ትኩሳትን የሚያሳውቀውን የነርቭ ደወል ይደውለዋል፣ አእምሯችንም "ተቃጠልኩ" ይላል። ይህንን ደወል ያገኘው ተመራማሪ ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። መነሻው የበርበሬ ጥናት ነበር። ወፎች ግን ይህ ደወል ለካፕሳይሲን አይጮህባቸውም፣ በርበሬ ሲበሉ ምንም አይሰማቸውም። ተክሉ ዘሩን የሚያስበትነው በእነሱ ነው።

በመጨረሻ፤ ሐይቁ ራሱ

ጥንቃቄው ለኛ ብቻ አይደለም፣ ለዓሳውም ነው። ቆሮሶ አስደናቂ እናት ናት። እንቁላሎቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በመራቢያ ወቅት አንዲት እናት በመረብ ስትያዝ አብረዋት የሚጠፉት ብዙ ናቸው። ዓይኑ የጠበበ መረብ ደግሞ ገና አንዴም ያልወለዱትን ይጠርጋል። ኢትዮጵያ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አላት። ሕጉ ግን ገበያ ላይ የሚፈተነው በገዢው ነው። መዳፍ የምታክል ቆሮሶ "ርካሽ ናት" ተብላ ስትቀርብ የሚገዛት ካለ ነገም ትያዛለች፤ ገዢ ካጣች መረቡም ይሰፋል።

ዝዋይ ላይ ሌላም ጫና አለ። ለመስኖና ለአበባ እርሻ ውሃው ይሳባል፣ እምቦጭ ዳር ዳሩን ይዟል፣ ወንዞቹ ደለል ይዘው ይመጣሉ። ቀደም ሲል መረቡን የሚሞላው ቆሮሶ ነበር፤ አሁን የካርፕና የአምባዛ ድርሻ እየጨመረ ነው። በአማካይ 2 ሜትር ተኩል ጥልቀት ላለው ሐይቅ ትንሽ ውሃ መቀነስ ትልቅ ነገር ነው። መቂ ወንዝ ደግሞ ከጉራጌ ተራራ ስለሚነሳ፣ እላይ የተቆረጠ ዛፍና የታጠበ አፈር ታች ባቱ ላይ ዓሳ ያሳጣል። ተራራው ላይ ዛፍ የሚተክል ሰው ለሐይቁም እየተከለ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው ጥሬውን ሰሃን ገፋ አድርጎ "ብላ፣ ሎሚው ያበስለዋል" ሲላችሁ መልሱን ታውቃላችሁ። ሎሚው ያጣፍጠዋል፤ የሚያበስለው እሳት ነው። ትልቁን ቆሮሶ ምረጡ፣ በደንብ ይጠበስላችሁ፣ ከዚያ የማረቆውን አዋዜ እንደልባችሁ። ጥሬ ዓሳ የሚወድ ጓደኛ ያለው ሰው ይህንን ቢያጋራው ደግሞ ጓደኛውን ጠቀመው ማለት ነው።